የማይዝሉ ቲ ሴሎች ፍለጋ

ከዋግ ኽምራ ደጋ ወጣቶች ለሰሊጥ አረምና አጨዳ ወደ መተማና ሁመራ ይወርዳሉ። በዚያ ቆላ ከሚጠብቋቸው በሽታዎች አንዱ በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፈው ካላአዛር ነው። ታክሞ ይድናል። ኤች አይ ቪ ያለበት ሰው ላይ ግን ደጋግሞ ያገረሻል። በኢትዮጵያ ታካሚዎች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ሁለቱም በሽታዎች ከነበሩባቸው ታካሚዎች 78 ከመቶ ያህሉ አገርሽቶባቸዋል። ካላአዛር ብቻ ከነበረባቸው መካከል ግን ያገረሸበት አንድም ሰው የለም።

ጥፋቱ የተሕዋሲው ብቻ አይደለም፤ የሚያገረሽባቸው ሰዎች ቲ ሴሎች ዝለዋል። ቲ ሴል በደም ውስጥ የሚዞር ነጭ ሕዋስ ነው። በተሕዋሲ የተያዘን ወይም ወደ ካንሰር የተለወጠን ሕዋስ ለይቶ ይገድላል፣ ሌሎች ሕዋሳትንም ያነሣሣል። ጠላቱ ሳይጠፋ ወራት ሲቆይ ግን በቲ ሴሉ ሽፋን ላይ ፒዲ-1 የተባለ ፕሮቲን ይበዛል። ፒዲ-1 ልጓም ነው፤ ባይኖር ቲ ሴሎች የገዛ አካላችንን ይጎዱ ነበር፤ ሲበዛ ግን ከውጊያው ያስቀራቸዋል። አጥኚዎቹ በሚያገረሽባቸው ታካሚዎች ያገኙት ይህንኑ ነው፦ ሌሎች ሕዋሳትን የሚያነሣሡት ሲዲ4 የተባሉ ቲ ሴሎች ማነስ፣ የፒዲ-1 መብዛት፣ እንዲሁም ሴሎቹ ተሕዋሲውን ሲያገኙ ኢንተርፌሮን ጋማ የተባለውን ንጥረ ነገር በበቂ ማመንጨት አለመቻላቸው።

የካንሰር ሐኪሞችም የሚታገሉት ከዚሁ ዝለት ጋር ነው። ካር-ቲ በተባለው ሕክምና የታካሚው ቲ ሴሎች ከደሙ ይወሰዳሉ፤ ካንሰሩን የሚለይ ተቀባይ በዘረ መል ይጨመርላቸዋል፤ ከተባዙ በኋላ ይመለሱለታል። እ.ኤ.አ. በ2010 በፔንሲልቫኒያ ዩኒቨርሲቲ ከታከሙ የደም ካንሰር ሕሙማን በሁለቱ ደም ውስጥ እነዚህ ሴሎች ከአሥር ዓመት በኋላም ተገኝተዋል። በሌሎች ግን በሳምንታት ወይም በወራት ይጠፋሉ፤ ብዙ ጊዜም ካንሰሩ ይመለሳል።

በእኔ እምነት ሴሎቹ የሚቆዩበትን ጊዜ ከሁሉም በላይ የሚወስነው ሲጀመር የተወሰደው ሴል ዓይነት ነው። ብዙ የተዋጋና ብዙ የተከፋፈለ ሴል ቢበረታም ዕድሜው አጭር ነው፤ የማስታወሻ ሴል የሚባለው፣ ገና ያልደከመው ወገን ግን ራሱን እያደሰ ይባዛል። ስለዚህ ተደጋጋሚ ኬሞቴራፒ ሳያዳክማቸው ሴሎቹን ቀድሞ መውሰድ፣ በቤተ ሙከራ የሚቆዩበትንም ቀን ማሳጠር ይሞከራል። የተቀባዩ አሠራርም ለውጥ ያመጣል፦ 4-1ቢቢ የተሰኘ ክፍል ያላቸው ሴሎች ሲዲ28 ካላቸው ይልቅ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያሉ።

ልጓሙን የሚፈቱ መድኃኒቶችም አሉ፤ ፒዲ-1ን ያገኙት ታሱኩ ሆንጆ እ.ኤ.አ. በ2018 ከጄምስ አሊሰን ጋር ኖቤል ተሸልመዋል። ነገር ግን ክፉኛ የዛለ ሴል ልጓሙ ቢፈታለትም ብዙ ሳይቆይ ተመልሶ ይዝላል፤ ዲኤንኤው የታጠፈበት ሁኔታ ራሱ ተለውጧልና። ሳይዝል መጠበቁ ዝሎ ከመጠገኑ ይቀላል የምለው ለዚህ ነው።

ካር-ቲ ለዋግ ኽምራ ታካሚ ገና ሩቅ ነው፤ የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ2017 አሜሪካ ውስጥ ሲፈቀድ ዋጋው 475,000 ዶላር ነበር። የካላአዛሩን ጥናት ሦስት መለኪያዎች ግን በመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል መለካት እንደሚቻል አጥኚዎቹ ጽፈዋል። ይህ ሥራ ላይ ከዋለ፣ ኤች አይ ቪ ያለበት የካላአዛር ታካሚ ከሆስፒታል ሳይወጣ ቲ ሴሎቹ ይታያሉ፤ ሊያገረሽበት የሚችለውም ቀጠሮው ይቀርብለታል።