የኤሌክትሪክ ቆጣሪ ከሩቅ ስለ መነበቡ

የኤሌክትሪክ ቆጣሪ በየቤታችን ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ሲኖር ስለ እርሱ የምናስበው የመብራት ሒሳብ የመጣ ዕለት ብቻ ነው። እኔም እስካለፈው ዓመት ድረስ እንደዚሁ ነበርሁ። ነገር ግን ይህን መሣሪያ እንድመረምረው የሚያስገድድ ጉዳይ በግቢያችን ስለ ደረሰ፣ ያነበብሁትንና በገዛ እጄ የሞከርሁትን አንድ ላይ አድርጌ ለመጽሔታችን አንባቢዎች ለማቅረብ ወደድሁ።

በግቢያችን ያለው ቆጣሪ አንድ ብቻ ነው። ከጓሮ ባለው ክፍል አንዲት የሁለት ልጆች እናት ተከራይተው ይኖራሉ፤ የመብራቱንም ሒሳብ ከእናቴ ጋር ይካፈላሉ። ወትሮ በወር ከ300 ኪሎዋት ሰዓት የማይበልጠው ፍጆታ ባለፈው ዓመት በጥር ወር ወደ 560 ደረሰ፤ በየካቲትም አልቀነሰም። እናቴ፣ ተከራያችን ሌሊት ተደብቀው እንጀራ እየጋገሩ ይሸጣሉ ብላ ጠረጠረች። እርሳቸውም «እትዬ፣ ልጆቼን! ከረቡዕና ከቅዳሜ በቀር ምጣዴን አልለኮስሁም» ብለው ማሉ። እናቴ ግን በመጋቢት መጨረሻ ቤቱን እንዲለቁ ነገረቻቸው። እኔ በመካከል ሆኜ ስሰማ አንድ ነገር ገረመኝ፤ ሁለቱ ሰዎች የሚከራከሩት ስለ አንድ ቁጥር ነው፣ ቁጥሩ ግን ማን እንዳጠፋውም ሆነ መቼ እንደጠፋ አይናገርም።

ይህ የቆጣሪ ጉድለት የቆየ ነው። ቶማስ ኤዲሰን በአውሮፓውያን አቆጣጠር (እ.አ.አ.) በ1882 በኒውዮርክ ከተማ ኤሌክትሪክ መሸጥ በጀመረ ጊዜ ይጠቀምበት የነበረው ቆጣሪ ብልቃጥ ነበር። በብልቃጡ ውስጥ የዚንክ ሰልፌት ውሁድ ይሞላና ሁለት የዚንክ ሰሌዳዎች ይነከሩበታል። ወደ ቤቱ ከሚገባው ኤሌክትሪክ ጥቂት የተወሰነ እጅ በውሁዱ ውስጥ ሲያልፍ ዚንኩ ከአንደኛው ሰሌዳ እየለቀቀ በሁለተኛው ላይ ይለጠፋል። ወሩ ሲሞላ ሠራተኛ መጥቶ ሰሌዳዎቹን ይወስዳል፤ በሚዛንም ተመዝነው ሒሳቡ ይወጣል። በብርድ ወራት ውሁዱ በረዶ እንዳይሆን በሣጥኑ ውስጥ ትንሽ አምፖል ይበራ ነበር። ይህ በኬሚስትሪ ክፍል ለተማርነው ሰዎች ደስ የሚል ብልሃት ነው፤ ገዢው ግን ሰሌዳውን እያየ ምንም ሊያውቅ አይችልም። ሻጩ ይመዝናል፣ ሻጩ ይናገራል፣ ገዢው ይከፍላል።

ቀጥሎ እ.አ.አ. በ1888 ኦሊቨር ሻለንበርገር የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ የመብራት መሣሪያ ሲመረምር ሳለ አንዲት ትንሽ ሞላ ወደቀችና በማግኔቱ ኃይል ራሷን ስትዞር አየ። ሌላ ሰው ቢሆን አንሥቶ ይመልሳት ነበር፤ እርሱ ግን ከዚያች መዞር የሚሽከረከር ቆጣሪ ሠራ። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ በቡዳፔስት የጋንዝ ፋብሪካ መሐንዲስ የነበረው ኦቶ ብላቲ በኪሎዋት ሰዓት የሚለካውን ቆጣሪ አወጣ። ዛሬም በብዙ ቤቶች የምናየው፣ ጠርዙ ላይ ምልክት ያለበት ዝርግ ክብ የሚሽከረከርበት ቆጣሪ የዚሁ ዘር ነው። አንደኛው የሽቦ ጥቅል በቮልቱ፣ ሁለተኛው በሚያልፈው ኤሌክትሪክ መጠን ማግኔት ይሆናሉ፤ ሁለቱ ተባብረው ክቡን ይገፉታል። ብዙ ኃይል ሲያልፍ በፍጥነት ይዞራል፣ ጥቂት ሲያልፍ ይዘገያል፤ ጥርስ ያላቸው መንኰራኵሮችም ዙሩን ቆጥረው በቁጥር ያሳያሉ።

ስለ ትክክለኛነቱ ይህን ቆጣሪ አላማም። ነገር ግን የሚሰጠን ድምር ብቻ ነው። የዓመቱ ውጤት ሲሰጥ ካርዱ ላይ የየትምህርቱ ማርክ ሳይጻፍ ድምሩ ብቻ ቢጻፍልን፣ በሒሳብ ይሁን በታሪክ የደከምነው በምን እናውቃለን? እናቴና ተከራያችን የተጣሉት እንዲህ ባለ ካርድ ነው።

ቆጣሪን ከሩቅ የማንበብ ሐሳብ በመጀመሪያ የተነሣው የአንባቢውን እግር ለማሳረፍ ነበር። ቴዎዶር ፓራስኬቫኮስ የሚባል ግሪካዊ ፈልሳፊ እ.አ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ሲያጠና የነበረው ስለ ስልክ ነው፤ ይኸውም የሚደውለው ሰው ቁጥር ለተደዋዩ እንዲታይ የሚያደርግ መሣሪያ ነበር። ኋላም በአሜሪካ ሳለ፣ ስልክ የራሱን ቁጥር መላክ ከቻለ ቆጣሪስ የራሱን ቁጥር በስልክ ሽቦ ለምን አይልክም ብሎ አሰበ። በ1974 የፈጠራ መብት ተሰጠው፤ በ1977 ደግሞ ቆጣሪን ከሩቅ የሚያነብ መሣሪያ የሚሠራ ኩባንያ አቋቋመ። በዚያን ጊዜ ኢንተርኔት በሰው እጅ ስላልነበረ ንባቡን የሚቀበለው አንድ የቢሮ ኮምፒውተር ነበር።

ከዚህም በኋላ መልእክቱን የሚያደርሱ መንገዶች በዙ። ለእኔ ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ያው ኤሌክትሪኩ የሚመጣበት ሽቦ መልእክተኛ መሆኑ ነው። በሽቦው ላይ ያለው ኤሌክትሪክ በሴኮንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል፤ በዚህ ላይ እጅግ ፈጣን የሆነ ትንሽ ሞገድ ቢጫንበት ሁለቱ ሳይቀላቀሉ አብረው ይጓዛሉ፤ ከወዲያኛው ጫፍም ተለይተው ይወጣሉ። ከበሮ በሚመታበት ቤት ውስጥ የፉጨት ድምፅ ተለይቶ እንደሚሰማ ማለት ነው። ኢጣልያኖች ከ2001 ጀምሮ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ወደ 30 ሚሊዮን የሚጠጉ ቆጣሪዎችን በዚህ ዓይነት ለወጡ። ቆጣሪው ንባቡን በሽቦው አድርጎ በሰፈሩ ትራንስፎርመር አጠገብ ላለው ሰብሳቢ መሣሪያ ይልካል፤ ሰብሳቢውም በሞባይል ስልክ መሥመር ወደ ማዕከሉ ያስተላልፋል። የብዙው ኢጣልያዊ ቤት ውል 3 ኪሎዋት ነው፤ ከዚያ በጣም ካለፉ ቆጣሪው ራሱ ይቆርጣል። እኛ ምጣድ ለኩሰን ካውያ ብንጨምርበት በሮም ከተማ ጨለማ ውስጥ በተቀመጥን ነበር።

በዚሁ የሽቦ መልእክት ወደ ቤት ትእዛዝ መላክም ይቻላል። በኒውዚላንድ አገር የውሃ ማሞቂያዎችን ሕዝቡ ሁሉ ራት በሚያበስልበት ሰዓት ለጊዜው ለማጥፋት፣ ኋላም መልሶ ለማብራት ይህ ዘዴ ከቆየ ጊዜ ጀምሮ ይሠራበታል። ውሃው በማሞቂያው ውስጥ ሙቀቱን ይዞ ስለሚቆይ የቤቱ ሰው ነገሩን እምብዛም አያውቀውም።

አዲሱ ቆጣሪ ግን ንባቡን ከመላክ ሌላ የሚሠራው ሥራ አለ። በየ15 ወይም በየ30 ደቂቃው ፍጆታውን ከነሰዓቱ ይመዘግባል። ድምሩ ወደየሰዓቱ ተከፈለ ማለት ነው። ይህን ባነበብሁ ጊዜ እንዲህ ያለ ቆጣሪ ባይኖረን እንኳ ለጥቂት ቀናት እኔ ራሴ ቆጣሪ ልሆን እችላለሁ ብዬ አሰብሁ።

የፊዚክስ መምህራችንን ብጠይቃቸው በቆጣሪው ፊት ላይ የተጻፈውን ቁጥር እንዳይ ነገሩኝ። በእኛው ላይ 400 ይላል፤ ይህም ክቡ 400 ጊዜ ሲዞር አንድ ኪሎዋት ሰዓት ተቆጠረ ማለት ነው። ስለዚህ በአንድ ደቂቃ አንድ ጊዜ ቢዞር የሚያልፈው ኃይል 150 ዋት ነው። እናቴ ስትጋግር ቆሜ ብቆጥር በደቂቃ 23 ጊዜ ዞረ፤ ምጣዳችን ወደ 3,450 ዋት ይወስዳል ማለት ነው። አንባቢዎቼም ባለ ክብ ቆጣሪ ካላቸው ሊሞክሩት ይችላሉ፤ የሚያስፈልገው ሰዓትና ትዕግሥት ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ ሌሊቱን ጀመርሁ። ከምሽቱ 4 ሰዓት ሁሉም ሲተኛ ቁጥሩን ጻፍሁ፤ ጧት 12 ሰዓት ብመለስ 3.6 ኪሎዋት ሰዓት ጨምሮ አገኘሁት። ለማቀዝቀዣው 0.6 ያህል ብንተውለት 3 ኪሎዋት ሰዓት በሌሊት ጠፍቷል። እናቴ ይህን ስትሰማ «አላልሁም?» አለች። እኔም ለጊዜው ያላት መሰለኝ፤ ሒሳቤ ተከራያችንን ሊያስወጣ ነው ብዬ ስለ ጀመርሁት ተጸጸትሁ።

በማግስቱ ሌሊት በየሰዓቱ ለመውጣት ቈረጥሁ። በ6 ሰዓት ክቡ ያለ ማቀዝቀዣው በቀር የሚያዞረው አልነበረም፤ በ7 ሰዓትም እንዲሁ። በ8 ሰዓት ስወጣ ግን በደቂቃ 11 ጊዜ ይዞር ነበር። የተከራያችንን በር አንኳኩቼ ነገሩን ብነግራቸው ነጠላቸውን ተከናንበው ወጡ፤ የክፍላቸውንም ብሬከር በገዛ እጃቸው አጠፉ። ክቡ ምንም ሳይለወጥ ዞረ። የእኛን ማቀዝቀዣ ብነቅል ወደ 10 ወረደ። 10 ጊዜ 150 ዋት 1,500 ዋት ነው፤ ይህም በእኛው መታጠቢያ ቤት በተሰቀለው የውሃ ማሞቂያ ላይ የተጻፈው ቁጥር ነው። የማሞቂያውን ብሬከር ሳጠፋ ክቡ ቀጥ ብሎ ቆመ።

ማሞቂያው ውሃው በቂ ሙቀት ሲያገኝ ራሱን ያጠፋል፤ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ይነሣል። ማንም ውሃ ሳይነካ ሌሊቱን ሙሉ በየሰዓቱ ሩብ ሰዓት ያህል የሚሠራ ከሆነ ግን የሞቀው ውሃ ወዴት ይሄዳል? የቧንቧ ሠራተኛ ተጠርቶ ቢፈልግ ከወጥ ቤቱ ወለል በታች ያለው የሙቅ ውሃ ቧንቧ ተበልቶ ወደ አፈሩ ሲያፈስ ተገኘ። የውሃ ሒሳባችንም ከፍ ብሎ ነበር፤ እርሱንም በተከራያችን ልብስ አጠባ አሳበንባቸው ነበር።

ሒሳቡን ላስላው። በ8 ሰዓት 3 ኪሎዋት ሰዓት ከሆነ በቀን 9፣ በወር 270 ነው። የተከራያችን ምጣድ በሳምንት ሁለት ቀን፣ በየቀኑም ሁለት ሰዓት ሳያቋርጥ ቢሠራ እንኳ በወር ከ60 እምብዛም አያልፍም። ምጣድ ግን ጢሱ ይታያል፣ ሽታውም ይጠራል፤ ማሞቂያ ከኮርኒሱ ሥር ዝም ብሎ ይበላል። የተጠረጠረው የሚታየው ነበር።

ፈረንጆቹ እንደኔ ሌሊት ሳይነሡ ይህን የሚያውቁበት ጥበብ አላቸው። ጆርጅ ሃርት የሚባል በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ይመራመር የነበረ ሰው እ.አ.አ. በ1980ዎቹ ከቆጣሪው ላይ ብቻ ሆኖ በቤት ውስጥ የትኛው ዕቃ እንደተለኮሰ የሚለይ ዘዴ አወጣ። ኃይሉ በአንድ ጊዜ በ1,500 ዋት ከፍ ካለ ማሞቂያው ተነሣ፣ በዚያው መጠን ከወረደ ጠፋ ማለት ነው። እኔ ብሬከር እያጠፋሁ ያደረግሁትን እርሱ በኮምፒውተር አደረገው። ሆኖም ይኸው ሰው በ1989 ባወጣው ጽሑፍ፣ በዚህ መንገድ የሰውን ኑሮ መሰለል እንደሚቻል አስጠነቀቀ። በ2009ም የኔዘርላንድ የላይኛው ምክር ቤት አዲሱ ቆጣሪ በግዴታ እንዲገባ የቀረበውን ሕግ የግል ኑሮን ይነካል በማለት አልተቀበለውም። ይህን ለእናቴ ባነብላት «ስንት ሰዓት እንደምተኛ ለማንም መናገር አልሻም» አለች። እኔ ደግሞ የተከራያችንን የሌሊት እንቅልፍ በክቡ ዙር ስመረምር እንደሰነበትሁ ትዝ ብሎኝ አፈርሁ። በእኔ አስተያየት የየሰዓቱ ንባብ በመጀመሪያ ለቤቱ ባለቤት ሊታይ ይገባዋል፤ ለመሥሪያ ቤቱ ሒሳብ የወሩ ድምር ይበቃል።

በአገራችንም ብዙ ቤቶች ወደ ካርድ ቆጣሪ ተለውጠዋል። ገንዘቡ አስቀድሞ ተከፍሎ በካርድ ይሞላል፤ ካርዱም ቆጣሪው ውስጥ ሲገባ የተገዛው መጠን ይመዘገባል። ይህም ቢሆን ከሩቅ የመነጋገር አንዱ መንገድ ነው፤ ካርዱ በእጅ ስለሚሄድ መልእክተኞቹ እኛው ነን። አክስቴ ዘንድ ያለው እንዲህ ያለ ነው፤ ቀሪውን ቁጥር ጧት ጧት ስለምታይ የትናንቱን ፍጆታ ትናንት ከቀረው ቀንሳ ታውቀዋለች። ሳታስበው የቀን መዝገብ ያዘች ማለት ነው።

ቧንቧው በመጋቢት ተሠርቶ የሚያዝያ ሒሳብ 290 ሆኖ መጣ። እናቴ ቡና አፍልታ ተከራያችንን ጠራች፤ ይቅርታም ጠየቀቻቸው፤ ቤቱንም አልለቀቁም። እርሳቸው ግን በማግስቱ ወደ እኔ መጥተው፣ ለክፍላቸው የራሳቸው ቆጣሪ እንዲገባላቸው ማመልከቻ እንድጽፍላቸው ለመኑኝ። እኔ ጻፍሁላቸው፤ እናቴም እንደ ቤት ባለቤትነቷ ፈረመችበት።