ስለ ዳሌ ሕመም የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ማወቅ የሚገባው

በሰውነት ማጎልመሻ ክፍለ ጊዜ ከተማሪዎች አፍ ቶሎ ቶሎ ከሚሰሙት ቃላት አንዱ «ወገቤን!» የሚለው ነው። እንደሚታወቀው በአነጋገራችን ወገብ ሰፊ ነው፤ ከጀርባ ታችኛው ክፍል ጀምሮ እስከ ታፋ ድረስ ያለውን ሁሉ ወገብ እንለዋለን። ስለሆነም መምህሩ በቅድሚያ ማለት ያለበት «አንተ ሰነፍ፣ ተነስና ሩጥ!» ሳይሆን «እስቲ የቱ ጋ ነው? በአንድ ጣትህ አሳየኝ» ነው። ጣቱ ብሽሽት ላይ ካረፈ ነገሩ ከራሱ ከዳሌ መገጣጠሚያ ሊሆን ይችላል። በጎን በኩል፣ ከሱሪ ኪስ አካባቢ ከሆነ ብዙውን ጊዜ የጡንቻና የጅማት ጉዳይ ነው። ወደ ኋላ መቀመጫው ላይ ከሆነ ደግሞ ሕመሙ ከታችኛው የጀርባ አከርካሪ የመጣ ሊሆን ይችላል።

የዳሌ መገጣጠሚያ አሠራሩ ሙቀጫና ዘነዘና ይመስላል። የጭን አጥንት ክብ ራስ በዳሌ አጥንት ጎድጓዳ ውስጥ ገብቶ ወደ ፊት፣ ወደ ኋላና ወደ ጎን ይንቀሳቀሳል፤ ይዞራልም። በሁለቱ መካከል ልስልስ ልም አጥንት አለ። ዙሪያውን ደግሞ ጠንካራ ጅማትና ጡንቻ ይዞታል። ሰው በአንድ እግሩ ሲቆም በጎን ያሉት ጡንቻዎች ዳሌው ወደ ሌላው ወገን እንዳይወድቅ ስበው ይይዙታል። በዚህ የተነሳ መገጣጠሚያው ላይ የሚያርፈው ጫና ከሰውየው ክብደት ሁለት እጥፍ ይበልጣል። 50 ኪሎ የምትመዝን ልጅ በአንድ እግሯ ስትቆም ዳሌዋ ከ100 ኪሎ በላይ ተሸከመ ማለት ነው። ስትሮጥማ ከዚህም ይብሳል፤ ሩጫ ማለት ደግሞ ከአንዱ እግር ወደ ሌላው መዝለል ነው።

አካል የለመደውን ይይዛል። ከአዳማ በዴራና በኢተያ በኩል ወደ አሰላ የሚወጣውን መንገድ የሚያውቅ ሁሉ የኃይሌ ገብረ ሥላሴን ታሪክ ሰምቷል። ልጅ ሳለ 10 ኪሎ ሜትር ሮጦ ትምህርት ቤት ይሄድ፣ 10 ኪሎ ሜትር ሮጦ ይመለስ ነበር። ደብተሩን በግራ ክንዱ ስለሚይዝ፣ የዓለም ሻምፒዮን ከሆነ በኋላም ሲሮጥ ግራ ክንዱ እጥፍ ያለ ነበር። እንግዲህ ደብተር ክንድን እንዲህ ካስለመደ፣ ሁልጊዜ በአንድ ጎን ጀሪካን የምታንጠለጥል ልጅ ዳሌዋ ምን ይለምድ ይሆን?

በስምጥ ሸለቆ ከተሞቻችን፣ ከሞጆ በመቂና በባቱ አድርጎ እስከ ሻሸመኔ ድረስ፣ ጠዋት ጠዋት የሚሮጥ ወጣት ብዙ ነው። አብዛኛው የሚሮጠው በአስፋልት ዳር ነው። አስፋልት ውኃ እንዲያፈስ ተብሎ መሐሉ ከፍ፣ ዳርና ዳሩ ዝቅ ብሎ ይሠራል። በግራ በኩል መኪናን ፊት ለፊት እያየ የሚሮጥ ሰው ከአደጋ አንጻር ልክ ነው፤ ግን ሲሄድም ሲመለስም ዝቅ የሚለው ያው ግራ እግሩ ነው። ዳሌው በየእርምጃው ያዘነብላል፤ ከብዙ ሳምንት በኋላ ከፍ ባለው ወገን በጎን በኩል መጠዝጠዝ ይጀምራል። መድኃኒቱ አስፋልቱን መተው ነው። አዳማ ላለን ወደ ወንጂ ወረድ ብሎ በሸንኮራው አካባቢ ያለው የአፈር መንገድ ምን አለው? አቧራው ብቻ ነው ችግሩ።

ታዲያ የትኛው ሕመም ይቻላል፣ የትኛው አይቻልም? ልምምድ በተሠራ ማግስት በሁለቱም ወገን የሚሰማ፣ ሲነኩት የሚያም፣ በሁለት በሦስት ቀን የሚለቅ መዛል የሥራ ምልክት ነው፤ ቀለል አድርጎ መቀጠል ይቻላል። በአንድ ወገን ብቻ ሆኖ በሮጡ ቁጥር የሚጨምር፣ ብሽሽት ውስጥ ጠለቅ ብሎ የሚወጋ፣ ሌሊት የሚቀሰቅስ ወይም የሚያስነክስ ከሆነ ግን ሩጫው እዚያው ላይ ይቁም። በተለይ ምግብ ሳይበቃት ብዙ የምትሮጥ፣ የወር አበባዋም የቀረባት ልጅ ብሽሽቴን ካለች የጭን አጥንት አንገት መሰንጠቅ ጀምሮ ሊሆን ይችላል። የሕመም ማስታገሻ ውጦ መሮጥ ስንጥቁን ወደ ስብራት መውሰድ ነው።

«ጀግና ሕመም ይችላል» የሚሉ አሉ። የብሪታንያው ቴኒስ ተጫዋች አንዲ መሬይ ከማንም በላይ ቻለው፤ ለረጅም ጊዜ እያነከሰ ተጫወተ። መጨረሻው በጃንዋሪ 2019 እ.ኤ.አ. የቀኝ ዳሌው መገጣጠሚያ በቀዶ ሕክምና ብረት መልበሱ ነው። እርሱስ ወደ ሜዳ ተመለሰ። የእኛ የአምስተኛ ክፍል ተማሪ ያን መሳይ ሐኪም ከየት ያመጣል?

እዚህ ላይ ለኛ ለወደፊት መምህራን ከሁሉ የሚበልጠውን እንንገር። የልጅ ዳሌ ሲታመም ልጁ «ጉልበቴን» ሊል ይችላል፤ ምክንያቱም ሁለቱን የሚያዳርሱት ነርቮች የጋራ ናቸው። ከ10 እስከ 16 ዓመት ባለው ዕድሜ፣ በተለይ ክብደት ባላቸው ልጆች፣ የጭን አጥንት ራስ ከአንገቱ ላይ የሚንሸራተትበት በሽታ አለ። ልጁ ያነክሳል፤ መርገጫውም ወደ ውጭ ይዞራል። ከዚያ በታች ባሉት፣ ይበልጡን በወንዶች ላይ፣ ወደ አጥንቱ ራስ የሚሄደው ደም ተቋርጦ አጥንቱ የሚሟሽሽበት በሽታ ይታያል። የአጥንት ነቀርሳም ቀስ እያለ በማንከስ ይጀምራል። ትኩሳት ያለውና እግሩን መርገጥ ያቃተው ልጅ ደግሞ ነገ ሳይባል በዚያው ቀን ሆስፒታል መድረስ አለበት።

ወጌሻን አንንቅም፤ ስንቱን ውልቃት መልሷል። ነገር ግን የተንሸራተተ የአጥንት ራስ ሲታሽና ሲጎተት ይበልጥ ይንሸራተታል፤ ደም ሥሩም ይጎዳል። ወላጅ ወጌሻ ዘንድ ልውሰደው ካለ፣ «እሺ፣ ግን አስቀድሞ ራጅ ይነሳ» ብለን በአክብሮት ማስረዳት የኛ ፈንታ ነው።

ለቀላሉ ሕመም የሚሆነው ብዙ አይደለም። ሩጫውን በግማሽ መቀነስ፣ ቀዝቃዛ ውኃ የነካ ጨርቅ ለ15 ደቂቃ ያህል ማስቀመጥ፣ ከሩጫ በፊት 10 ደቂቃ ማሟሟቅ ይበቃል። ለጎን ጡንቻ በጎን ተኝቶ የላይኛውን እግር ቀጥ አድርጎ 10 ጊዜ ማንሳት፣ ከዚያም በጀርባ ተኝቶ ጉልበትን አጥፎ መቀመጫን ከመሬት ማንሳት ጥሩ ነው። ድካሙን ማየት የፈለገ ተማሪውን በአንድ እግር ያቁመው፤ ባልቆመበት ወገን ዳሌው ዝቅ ካለ የቆመበት ጎን ጡንቻ ደክሟል።

የታመመው ልጅ ከሜዳ አይባረር። ሰዓት ይያዝ፣ ዝላይ ይለካ፣ ነጥብ ይመዝግብ። ወደ ጤና ጣቢያ ስንልከውም ባዶ እጁን አንስደደው። በቁራጭ ወረቀት ዕድሜውን፣ ሕመሙ የጀመረበትን ቀን፣ ወድቆ እንደሆነና እንዳልሆነ፣ ትኩሳት መኖር አለመኖሩን እንጻፍ። ከሥሩም «ጉልበቴን ቢልም እባክዎ ዳሌውንም ይዩልን» የሚል አንድ መስመር እንጨምርበት።