መታወቂያ፣ ቁጥርና የሰው ክብር



በመርካቶ፣ በአማኑኤል ሰፈር ስለ ፋይዳ መታወቂያ ሁለት ድምፅ ይሰማል። አንዱ «ያለ እርሱ የባንክ ሒሳብ አይከፈትም» ይላል፤ ሁለተኛው «በዮሐንስ ራእይ የተነገረው የአውሬው ቁጥር ይህ አይደለምን?» እያለ ይሰጋል። እኛም አስቀድመን ይህን ጥያቄ በፈገግታ አልፈነው ነበር። ስሕተት ነበር፤ የምእመን ፍርሃት በሳቅ አይታከምምና።

፩. ነገሩ ምንድን ነው?

የኢትዮጵያ ዲጂታል መታወቂያ በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የተመሠረተ ነው። ተመዝጋቢው የዐሥር ጣቶቹን አሻራ፣ የዐይኑን ብሌንና የፊቱን ምስል ሰጥቶ ባለ 12 አኀዝ ቁጥር ይቀበላል። ብሔር ይጻፍበት ከነበረው የቀበሌ መታወቂያ በተለየ፣ ብሔርንም ሃይማኖትንም አይጠይቅም።

፪. ቅዱስ መጽሐፍ ምን ያስተምረናል?

ሙሴ ሕዝቡን በእግዚአብሔር ትእዛዝ ቈጠረ። ዳዊት ግን ከቈጠረ በኋላ ልቡ ወቀሰው። ቅዱስ ዮሴፍና እመቤታችንም በአውግስጦስ ዘመን ሊመዘገቡ ወደ ቤተ ልሔም ወጡ። እንግዲህ ኃጢአቱ በመቈጠር ሳይሆን በቈጣሪው ዓላማ ላይ ነው። በራእይ 13 የተጻፈው ምልክትም ከአምልኮ ጋር የተያያዘ ነው፤ ብዙ ሊቃውንት ቁጥሩ በዕብራይስጥ ፊደል ሲሰላ የኔሮን ቄሣርን ስም እንደሚሰጥ ያስረዳሉ። ይህ መታወቂያ ግን ማንንም ስገድ አይልም።

፫. ተገቢው ጥንቃቄ

ይሁን እንጂ ሥጋት ሁሉ ከንቱ አይደለም። የጠፋ ቁልፍ ይለወጣል፤ የተሰረቀ አሻራ ግን አይለወጥም። ስለዚህ መንግሥት በአዋጅ ቁጥር 1321/2016 የግል መረጃን ለመጠበቅ የገባውን ግዴታ እንዲፈጽም መጠየቅ የዜጋ መብት ነው። መታወቂያችንንም ለማናውቀው ሰው አሳልፈን አንስጥ።

፬. የእኛ ድርሻ

ከገጠር መጥቶ በመርካቶ ሸክም የሚሸከመውን ወንድማችንን እናስብ። የቀበሌ ወረቀት የለውም፤ የጣቱ አሻራም በሥራ ብዛት ደብዝዟል። መታወቂያ የሌለው ሰው በሕግ ፊት እንደሌለ ይቈጠራል፤ ትልቁ አደጋ ይህ ነው። ሰነድ ለሌለው ሰው ምስክር ሊቆምለት ይችላል። የቤተ ክርስቲያን ሕግ ቁምስና ሁሉ የጥምቀት መዝገብ እንዲይዝ ያዝዛል፤ ስሙን በዚያ የጻፍንለትን ልጅ በሌላው መዝገብ ፊት ብቻውን አንተወው። የምናውቀውን ብቻ እንመስክር፤ በሐሰት መመስከር ስምንተኛውን ትእዛዝ መሻር ነውና።

ለውይይት

1. በቁምስናችን መታወቂያ የሌላቸው እነማን ናቸው? ማንስ አብሯቸው ይሂድ?
2. የሚፈራውን ሰው ሳንነቅፍ እንዴት እናስተምረዋለን?

እግዚአብሔር እያንዳንዳችንን የሚያውቀን በቁጥር ሳይሆን በስማችን ነው።