ሞቶር ቆሞ ሲዞር የሚያሳየውን ሕመም ስለ መመርመር

ፈረሰኛ ከመንገድ በፊት የፈረሱን ትንፋሽ ያዳምጣል፤ ትንፋሹ ካልተስተካከለም ኮርቻ አይጭንም። የእርሻ ምርት የሚያመላልስ መኪናም እንደዚሁ ነው። ሞቶሩ ተነሥቶ፣ ማርሹ ነጻ ሆኖ፣ ነጂው እግሩን ከነዳጅ መስጫው ባነሣ ጊዜ የሚሰማው ዝግተኛ ዙር የመኪናው ትንፋሽ ነው። መካኒኮች ሚኒሞ የሚሉት ይህንኑ ነው። በብዙዎቹ የቤንዚን መኪናዎች ሞቶሩ ከሞቀ በኋላ ይህ ዙር በአንድ ደቂቃ ከ600 እስከ 900 ይሆናል፤ የእያንዳንዱ መኪና እርግጠኛ ልክ ግን በራሱ መጽሐፍ ተጽፎ ይገኛል።

ሹማምንትና ባለ እርሻዎች ይህን ሊያውቁ የሚገባቸው ስለ ሦስት ነገር ነው። መጀመሪያው ገንዘብ ነው፤ ምክንያቱ ሳይታወቅ ዕቃ የሚለወጥለት መኪና የመንግሥትንም ሆነ የባለቤቱን ገንዘብ ያለ ጥቅም ይጨርሳልና። ሁለተኛው የሰው ሕይወት ነው፤ ሞቶሩ በቁልቁለት ላይ ድንገት ቢጠፋ ፍሬኑን የሚያግዘው ኃይል ጥቂት ጊዜ ብቻ ቆይቶ ስለሚያልቅ ፍሬኑ ይከብዳል፤ መሪውም እንዲሁ። ሦስተኛው፣ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ ኢትዮጵያ እንዳይገቡ ስለ ተከለከለ፣ በአገር ውስጥ ያለው መኪና በጥንቃቄ ተይዞ ረዥም ዘመን ማገልገል ይገባዋል።

ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ያለው የአቃቂ ቃሊቲ አገር ለዚህ ትምህርት መልካም ምሳሌ ነው። ወደ አዳማ የሚወስደው አሮጌው መንገድ በቃሊቲና በአቃቂ አልፎ ወደ ዱከምና ወደ ቢሾፍቱ ይወርዳል፤ በ2007 ዓ.ም. መጀመሪያ የተከፈተውም የፍጥነት መንገድ ከዚያው ከቱሉ ዲምቱ ይነሣል። አገሩ መረሬ ነውና በበጋ ትቢያው፣ በክረምት ጭቃው መኪናን ይፈትናል። ደግሞም ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ስለ ሆነ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው በአምስት እጅ አንድ ያህል የሳሳ ነው። ካርቡራቶር ያለው አሮጌ መኪና በጅቡቲ ጠረፍ ተስተካክሎ ወደዚህ ሲወጣ አየሩ ያንሰዋል፤ ቤንዚኑ ግን በዚያው ልክ አይቀንስለትም። ስለዚህ ጥቁር ጢስ ያወጣል፤ ቆሞ ሲዞርም ይደናቀፋል። ይህ የመሣሪያ መሰበር ሳይሆን የልክ አለመስማማት ነው። በኮምፒዩተር የሚታዘዙ አዲሶች መኪናዎች ግን የአየሩን ግፊት ራሳቸው መዝነው ቤንዚኑን ይቀንሳሉ፤ ስለዚህ በእነርሱ ላይ የከፍታው ቦታ ምክንያት ሆኖ ቢነገር ቶሎ መቀበል አይገባም።

ምርመራ የሚጀመረው ከመፍታት ሳይሆን ከመጠየቅ ነው። ሕመሙ መቼ ይታያል? ሞቶሩ ሳይሞቅ ብቻ ከሆነ፣ ለብርድ ጊዜ አየር የሚያጠበው መዝጊያ ወይም ሙቀት የሚለካው መሣሪያ ይመረመራል። መብራት ሲበራ ዙሩ የሚወርድ ከሆነ ባትሪውና ዲናሞው፣ ዙሩንም የሚያስተካክለው መሣሪያ ይታያል። ዝናብ ከዘነበ በኋላ ከሆነ ወደ ካንዴላ የሚሄዱት ሽቦዎች ርሰው ይሆናል። ነዳጅ ከተቀዳ በኋላ የጀመረ ከሆነ በነዳጁ ውስጥ ውሃ ወይም እድፍ መኖሩ ይጠረጠራል። ዙሩ ከልክ በላይ ከፍ ብሎ የሚቀር ከሆነም የነዳጅ መስጫው ገመድ ተይዞ እንደ ሆነ ይታያል።

ከጥያቄው በኋላ ሥራው በተራ ይፈጸማል።

1ኛ፤ የአየሩ ፊልትሮ ወጥቶ ይታይ። በአቃቂ ትቢያ የታፈነ ፊልትሮ ሞቶሩን ያፍነዋልና።

2ኛ፤ ከሞቶሩ ጋራ የተያያዙት የአየር ቱቦዎች አንድ በአንድ ይዳሰሱ። የተሰነጠቀ ወይም የወለቀ ቱቦ ያልተለካ አየር ያስገባል፤ ዙሩም ይለዋወጣል ወይም ከፍ ይላል። የሚፏጭ ድምፅ በተሰማበት ቦታ ጥቂት ውሃ ቢረጭና ዙሩ ቢለወጥ ቀዳዳው በዚያ ነው። በጋለ ሞቶር ላይ ቤንዚን መርጨት ግን እሳት ያስነሣልና ፈጽሞ አይገባም።

3ኛ፤ ካንዴላዎቹ ወጥተው ይታዩ። ጫፉ ፈካ ያለ ቡናማ ከሆነ ደኅና ነው። ደረቅ ጥላሸት የቤንዚን መብዛትን ወይም የአየር ማነስን፣ ዘይት የዘይት ማለፍን፣ የነጣ ጫፍ የቤንዚን ማነስን ይናገራል።

4ኛ፤ ሞቶሩ እየተንቀጠቀጠ የሚዞር ከሆነ፣ መካኒኩ ኤሌክትሪክ በማያስተላልፍ መያዣ የካንዴላዎቹን ሽቦ አንድ በአንድ ለአጭር ጊዜ ያለያይ። ሽቦው ሲለያይ ዙሩ ከወረደ ያ ሲሊንደር ይሠራ ነበር፤ ምንም ካልተለወጠ የሕመሙ ቦታ እርሱ ነው።

5ኛ፤ ይህ ሁሉ ደኅና ሆኖ ከተገኘ በኋላ ብቻ ወደ ካርቡራቶሩ ይሄዳል። ሞቶሩ እንደ ሞቀ የድብልቁ ብሎን እስኪደናቀፍ ድረስ በዝግታ ወደ ውስጥ ይዞራል፤ ከዚያም ለስላሳ ዙር እስኪገኝ ወደ ውጭ ይመለሳል፤ በመጨረሻም ዙሩ በሁለተኛው ብሎን በመጽሐፉ ልክ ይደረጋል። በአቃቂ የተስተካከለ መኪና ወደ ቆላ ወርዶ የሚሠራ ከሆነ እንደ ገና መስተካከል ያስፈልገዋል፤ በወፍራሙ አየር ቤንዚኑ ያንሰዋልና።

ካርቡራቶር የሌለው መኪና ግን ብሎን አይነካበትም። የአየሩ መግቢያ ክዳን ከጥላሸት ይጸዳል፤ ኮምፒዩተሩ የመዘገበውም ምልክት በመሣሪያ ይነበባል። የናፍጣ መኪናና ትራክተር ካንዴላ ስለሌላቸው የናፍጣው ፊልትሮ፣ በቧንቧው የገባ አየርና ውሃ አስቀድሞ ይመረመራል።

እንበልና አንድ እህል ጫኝ መኪና ቱቦው ተሰንጥቆ ሳለ ካርቡራቶሩ ተለወጠለት። ሕመሙ በማግሥቱ ይመለሳል፤ ገንዘቡ ግን አይመለስም፤ ጤፉም የገበያውን ቀን ያልፋል። ሁለተኛውን ምርመራ ያስቀደመ መካኒክ ይህን ሁሉ በአንድ ቱቦ ዋጋ ባዳነ ነበር።

ደግሞም ማንም ሰው ሞቶርን በተዘጋ ቤት አስነሥቶ አይመርምር። ከማርሚታው የሚወጣው ጢስ ሽታና ቀለም የሌለው መርዝ አለበትና ሰው ሳያውቀው ይገድላል።

ስለዚህ መኪና በእጁ ያለ ሹም ለእያንዳንዱ መኪና አንድ ደብተር ያኑር። ሕመሙ የታየበት ቀንና ሰዓት፣ የተመረመረው፣ የተለወጠውም ዕቃ ይጻፍበት። መካኒኩ ምክንያቱን በቃል ሳያስረዳና የወጣውን አሮጌ ዕቃ ሳያሳይ ሒሳብ አይከፈል። ነጂው የሰማውን እንግዳ ድምፅ ቢናገር አይቆጡት፤ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እንዲሉ፣ ቁጣ የፈራ ነጂ ዝም ይላልና፣ ትንሹም ሕመም በመንገድ ላይ ትልቅ ጥፋት ይሆናል።