የሰሊጥ አገር ልጅ ለምን ይከሳል?

«የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው» ይላሉ አበው። በምዕራብ ጎንደር ቆላ፣ ከገንዳ ውሃ እስከ መተማ ዮሐንስ ድረስ፣ ይሄ ተረት የሚያስታውሰን ውሃን ሳይሆን ሰሊጥን ነው። ሰሊጡ በየዓመቱ በኩንታል እየተጫነ ወደ ውጭ ገበያ ይሄዳል። ማሳውን ስታርም የምትውለው እናት ልጅ ግን ብዙ ጊዜ የሚቀርብለት ቀጠን ያለ የማሽላ አጥሚት ነው።

ችግሩ የቆላው ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2019 በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት ከ5 ዓመት በታች ካሉ 100 የኢትዮጵያ ህጻናት መካከል 37ቱ ቁመታቸው፣ 21ዱ ደግሞ ክብደታቸው ከእድሜያቸው በታች ነበር። ታዲያ ልጁ እየጠገበ ለምን ይከሳል?

መልሱ ከሆዱ መጠን ይጀምራል። 8 ኪሎ የሚመዝን ህጻን ሆዱ በአንድ ጊዜ የሚይዘው ወደ 240 ሚሊ ሊትር ያህል ነው። ይህን ቦታ ውሃ የበዛበት አጥሚት ከያዘው ልጁ ይጠግባል፣ ሥጋ ግን አይጨምርም። ስለዚህ መፍትሔው በግድ ብዙ ማብላት ሳይሆን ትንሹን ምግብ ማበልጸግ ነው። አንድ ግራም ዘይት 9 ኪሎ ካሎሪ ይሰጣል፤ አንድ ግራም የእህል ስታርች ግን 4 ብቻ። ሰሊጥ ደግሞ ግማሽ ያህሉ ዘይት ነው።

እንግዲህ በቤት ውስጥ ምን ይደረግ? እስከ 6 ወር የእናት ጡት ብቻ ይበቃል። ከ6 ወር በኋላ ጡቱ ሳይቋረጥ፣ ከማንኪያ ላይ ቶሎ የማይፈስ ወፈር ያለ ገንፎ ይጀመራል። ዱቄቱ ሦስት እጅ ማሽላ ከሆነ አንድ እጅ የተቆላ ሽምብራ ወይም ባቄላ ይጨመርበት፤ ማሽላ የሚጎድለውን የፕሮቲን ዓይነት ጥራጥሬው ይሞላዋል። ከዚያ ተቆልቶ በደንብ የላመ ሰሊጥ አንድ ማንኪያ ጣል ማድረግ ነው። ፍሬውን እንዳለ መስጠት ግን አይጠቅምም፤ ሳይፈጭ ያልፋል። ሰሊጥ የማይስማማቸው ልጆች ስላሉም በመጀመሪያው ቀን ትንሽ ቀምሶ ማየት ጥሩ ነው። እንቁላል፣ ወተት፣ ማንጎና ፓፓያ ከተገኙም ለገበያ ብቻ አይቀመጡ። በጾም ወቅት እንኳ ለህጻኑ እንቁላል መቀቀል ነውር የለውም፤ በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ጾም የሚጀመረው ከ7 ዓመት ነው።

ቁጥሩም ወሳኝ ነው። ከ6 እስከ 8 ወር ያለ ህጻን በቀን ከ2 እስከ 3 ጊዜ፣ ከ9 ወር እስከ 2 ዓመት ያለው ከ3 እስከ 4 ጊዜ መብላት አለበት፤ በመሀልም መክሰስ። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። በአረምና በአጨዳ ጊዜ እናት ማሳ ትውላለች፣ ልጁን የምትይዘው ታላቅ እህቱ ናት። ስለዚህ የአመጋገቡ ትምህርት ለእናት ብቻ ሳይሆን ለአባትም፣ ለእህትም፣ ለአያትም መድረስ አለበት።

ምግብ ብቻውን የማይፈታውም አለ። ሰሊጡ የሚታጨድበት ወቅት ወባ የሚበረታበትም ነው። ካላዛርም በመተማና በሁመራ ቆላ የታወቀ በሽታ ነው፤ ትኩሳቱ ከሁለት ሳምንት ካለፈ፣ ሆዱ በግራ በኩል ካበጠና ልጁ እየከሳ ከሄደ ቶሎ መመርመር ያስፈልጋል። የታመመ ልጅ ምግብ አይከልከል፤ ሲያገግም ደግሞ በቀን አንድ ተጨማሪ ጊዜ ይብላ።

ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ያለ ልጅ የክንዱ ዙሪያ ከ11.5 ሳንቲ ሜትር ካነሰ ወይም ሁለቱም እግሮቹ አብጠው በጣት ሲጫኑ ከጎደጎዱ ጉዳዩ የቤት ገንፎ አይደለም፤ በዚያው ቀን ወደ ጤና ኬላ ወይም ጤና ጣቢያ ይወሰድ። እዚያ የሚሰጠው ፕላምፒ ነት እ.ኤ.አ. በ1996 በፈረንሳይ የተሠራ፣ ለውዝ፣ የወተት ዱቄት፣ ዘይት፣ ስኳር፣ ቫይታሚንና ማዕድን የያዘ ነው። 92 ግራሟ አንድ ከረጢት 500 ኪሎ ካሎሪ ትሰጣለች። የቤቱ ሰሊጥ ይህን መድኃኒት አይተካም፤ ልጁ እዚያ ደረጃ እንዳይደርስ ግን ይረዳል። ፕላምፒ ነትም ለታመመው ልጅ እንጂ ለወንድሞቹ የሚከፋፈል ወይም ገበያ የሚወጣ አይደለም።

እኛ የጋዜጠኝነት ተማሪዎችስ? ስለ መተማ ሲዘገብ የምንሰማው የሰሊጥ ኩንታል፣ የዶላር ዋጋ፣ ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም ወዲህ ደግሞ ከሱዳን ጦርነት የሚሸሹ ሰዎች ጉዳይ ነው። ሁሉም ዜና ነው። የአንድ ህጻን ክብደት ሦስት ወር ሙሉ አለመጨመሩ ግን ዜና ሆኖ አያውቅም። ነገ ማይክ ይዘን ቆላ ስንወርድ፣ «ዘንድሮ ስንት ኩንታል አገኛችሁ?» ብለን ስንጠይቅ፣ «ከሱ ውስጥ ለልጆቹ ስንት አስቀራችሁ?» ብለን እንጨምር። መልሱ አንድ ጣሳ ቢሆን እንኳ ለአንድ ህጻን ብዙ ነው።