ለተዘጋ ሲኒማ ቤት፦ ድጎማ፣ ምሕረት ወይስ ብድር?

በ2012 ዓ.ም. በኮቪድ ምክንያት ሲኒማ ቤቶች ሲዘጉ የትኬት ገቢ ቆመ፤ ኪራይ፣ ደመወዝና ወለድ ግን አልቆሙም። መንግሥት በዚያው ዓመት ሚያዝያ እስከ 2007 ዓ.ም. የተጠራቀመ የታክስ ዕዳ ሰረዘ። ብሔራዊ ባንክም ለግል ባንኮች 15 ቢሊዮን ብር አቀረበ።

አሜሪካ በሌላ መንገድ ሄደች። ለሲኒማ ቤቶችና ለትርዒት አዳራሾች ከ16 ቢሊዮን ዶላር በላይ የማይመለስ ድጎማ መደበች። ስሌቱ እ.ኤ.አ. የ2019 ገቢ 45 በመቶ ሲሆን፣ ጣሪያው 10 ሚሊዮን ዶላር ነበር። አክሲዮናቸው በገበያ የሚሸጥ ኩባንያዎች አልተካተቱም።

ልዩነቱን በምሳሌ እንመልከት። ደነባ ውስጥ በዓመት 2 ሚሊዮን ብር የሚያስገባ የፊልም አዳራሽ አለ እንበል። በአሜሪካው ስሌት 900 ሺህ ብር ያገኛል፤ አይመልስም። ይህንኑ ገንዘብ በ15 በመቶ ወለድ ቢበደር በዓመት 135 ሺህ ብር ወለድ ይከፍላል፤ ዋናው ዕዳ ገና ነው። የታክስ ምሕረት ደግሞ ውዝፍ ለሌለበት ነጋዴ የሚጨምርለት ነገር የለም።

ይሁንና ድጎማውም የሚሰላው በግብር ሰነድ በታየ ገቢ ነው። ያለ ደረሰኝ ለሸጠ አዳራሽ የዜሮ 45 በመቶ ያው ዜሮ ነው። ደረሰኝ መቁረጥ ለክፉ ቀንም ዋስትና ነው።