የእርሳስ ማቅለጫ ድስትና የቤት ንጽሕና



የወገራ ምድር ደጋ ነው። በአምባ ጊዮርጊስና በዙሪያዋ ባሉት መንደሮች ብርዱ ጠንካራ ስለሆነ ቤተሰቡ ማታ ማታ በሩን ዘግቶ ምድጃውን ይከባል። ወጡ የሚሠራው፥ ቡናው የሚፈላው፥ ሕፃኑም የሚድኸው በዚያው በአንድ ምድጃ ዙሪያ ነው። ስለዚህ ወደ ምድጃው የሚቀርበውን ዕቃ ሁሉ መርምሮ ማወቅ የእናት ብቻ ሳይሆን የአባትም ሥራ ነው። ዛሬ የምንማረው ስለ አንድ ዕቃ ነው፤ ይኸውም እርሳስ የቀለጠበት ድስት ነው።

እርሳስ ምንድን ነው?

እርሳስ፥ ወይም በአገራችን አረር የምንለው፥ ከባድና ለስላሳ፥ ግራጫ ማዕድን ነው። በ327 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ስለሚቀልጥ የማገዶ እሳት ይበቃዋል። በነፍጥ ዘመን አባቶቻችን አረሩን እያቀለጡ በቅርጽ ያፈሱት የነበረው ስለዚህ ነው። ዛሬም ጥይት ለማፍሰስ ወይም ከአሮጌ የመኪና ባትሪ እርሳስ ለማውጣት ብሎ በቤቱ የሚያቀልጥ ሰው አይጠፋም። ልጆች በትምህርት ቤት የሚጽፉበት እርሳስ ግን የሚመሳሰለው በስም ብቻ ነው። ውስጡ ግራፋይት ከሚባል ጥቁር ነገርና ከሸክላ አፈር የተሠራ ስለሆነ ይህ መርዝ የለበትም።

ጉዳቱ በምን መንገድ ይመጣል?

ሰው ሁሉ የሚፈራው ትኩሱን እርሳስ ነው፤ መፍራትም ይገባል። ነገር ግን ልጆችን ሳይታወቅ የሚጎዳው ከቀዘቀዘ በኋላ የሚቀረው ብናኝ ነው። እርሳስ ሲቀልጥ በላዩ ግራጫ ቅርፊት ይሠራል፤ ይህም ሲፈረፈር እንደ ዱቄት ይደቃል። ከድስቱ ወደ እጅ፥ ወደ ልብስ፥ ወደ አመዱና ወደ ወለሉ ይሄዳል። ሕፃኑም መሬቱን ዳብሶ እጁን ወደ አፉ ያደርሳል።

የሕፃን ሰውነት ከዋጠው እርሳስ ወደ ደሙ የሚያስገባው አዋቂ ሰው ከሚያስገባው ከ4 እስከ 5 እጥፍ ይሆናል። መርዙ አንጎልን ይጎዳል፥ ደምን ያሳንሳል፥ በአጥንትም ይከማቻል። እናትየዋ ስታረግዝ ከአጥንቷ ወደ ደሟ ተመልሶ ለፅንሱ ይደርሳል። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚያስተምረው ጉዳት የለውም ተብሎ የታወቀ የእርሳስ መጠን የለም።

በሴኔጋል፥ በዳካር ከተማ ዳርቻ በምትገኘው በቲያሮይ ሱር ሜር፥ ሰዎች ከአሮጌ ባትሪ እርሳስ ያወጡ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2007 መጨረሻ እስከ 2008 መጀመሪያ ባሉት ጥቂት ወራት 18 ሕፃናት ሞቱ። በናይጄሪያም በዛምፋራ ክፍለ ሀገር ወርቅ ፈላጊዎች እርሳስ ያለበትን ድንጋይ በመኖሪያቸው ይፈጩ ነበር። የእህል መፍጫም ለዚሁ ሥራ ውሎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2010 በታወቀው በዚህ መመረዝ ከ400 በላይ ሕፃናት ሞተዋል። ለእነዚህ ልጆች መርዙ የመጣው ከወላጆቻቸው መተዳደሪያ ነበር።

«ታጥቦ ይጠራል» ማለት ስሕተት ነው

የእኛ አገር እናት ድስት ሲጠቁርባት በአመድ ፈትጋ ታነጣዋለች። ይህ መልካም ልማድ ነው፤ ለእርሳስ ድስት ግን አይሆንም። እንበልና አባወራው ማታ አረር አቅልጦ ድስቱን ከጉልቻው አጠገብ ትቶታል። ጠዋት የጤና ሠራተኛዋ ወደ ቤቱ ትመጣለች።

«እትዬ፥ ይህን ድስት ምን ሊያደርጉበት ነው?»

«ሽሮ ልሠራበት ነዋ! ደኅና አድርጌ በአመድ ፈትጌዋለሁ።»

«እንግዲያስ ብናኙን ከድስቱ ወደ እጅዎ አዛውረውታል። የቀረውም በብረቱ ቀዳዳና ጭረት ውስጥ ተደብቆ ወጡ ውስጥ ይገባል።»

«ታዲያ ልጣለው?»

«የለም፤ ለዚያው ሥራ ለብቻው ይቀመጥ። ወደ ወጥ ቤት ግን ከእንግዲህ አይመለስ።»

የትምህርታችን ፍሬ ነገር ይህ ነው፤ እርሳስ አንድ ጊዜ የቀለጠበት ድስት፥ ጭልፋም ቢሆን፥ ዳግመኛ የምግብ ዕቃ አይሆንም።

ድስቱ እንዴት ይያዛል?

1. ማቅለጥ የግድ ከሆነ ከቤት ውጭ፥ ነፋስ ወደ ቤት በማይነፍስበት ቦታ፥ በተለየ ምድጃ ይሁን። ነፍሰ ጡርና ሕፃናት አይቅረቡ።

2. ድስቱ ወፍራም ብረት ይሁን። የተሰነጠቀ ወይም ታቹ የሳሳ ድስት ትኩሱን እርሳስ እግር ላይ ያፈሰዋል።

3. ድስቱም፥ ጭልፋውም፥ የሚጨመረውም እርሳስ ፍጹም ደረቅ ይሁን። ጠብታ ውሃ በቀለጠ እርሳስ ሥር ከገባ ወዲያው እንፋሎት ሆኖ እርሳሱን ፊት ላይ ይረጨዋል።

4. ድስቱ ፈጽሞ ሳይቀዘቅዝ አይጸዳ። ግራጫው ቅርፊት በቀስታ ተለቅሞ ክዳን ባለው ጣሳ ይከተት። በደረቅ መፈተግና እፍ ማለት ክልክል ነው።

5. ውጭው በሳሙና ውሃ በራሰ ጨርቅ ይወልወልና በፀሐይ ይድረቅ። ጨርቁም ወደዚያው ጣሳ ይግባ እንጂ አይቃጠል።

6. ጣሳው ከልጆች እጅ ይራቅ። ቅርፊቱና የዚያ ምድጃ አመድ በጓሮ ጎመን፥ በእርሻ ወይም በምንጭ አጠገብ አይደፋ፤ ለዕቃ ማጠቢያም አይዋል።

7. ድስቱ ምልክት ይደረግበትና ከጓዳ ውጭ ተዘግቶ ይቀመጥ።

8. የሠራው ሰው ሕፃን ከማቀፉና እንጀራ ከመቁረሱ በፊት እጁንና ፊቱን በሳሙና ይታጠብ፤ ልብሱንም ይለውጥ። ልብሱ ሳይራገፍ ለብቻው ይታጠብ።

ከዚህ ቀደም በቤታችሁ ውስጥ ቀልጦ ከሆነ ወለሉን ውሃ እየረጫችሁ ጥረጉ፤ ከዚያም እንደ ልማዳችሁ ለቅልቁት።

ልጁ ቢታመምስ?

የሆድ ቁርጠት፥ ድርቀት፥ የምግብ ፍላጎት ማጣት፥ መገርጣት፥ መነጫነጭ፥ በትምህርት መዘግየት የእርሳስ መመረዝ ምልክቶች ሊሆኑ ይችላሉ። ብዙ ጊዜም ምልክት አይታይም። ቁርጠቱን ወስፋት ነው ብላችሁ በቤት መድኃኒት ቀን አታሳልፉ። ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱትና «በቤታችን እርሳስ ይቀልጥ ነበር» ብላችሁ ንገሩ፤ መመረዙ የሚለየው በደም ምርመራ ነውና። የሚያንቀጠቅጠው ወይም ራሱን የሚስት ልጅ ግን በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ይሂድ። ብረትና ካልሲየም የጎደለው ሰውነት እርሳስን አብልጦ ስለሚቀበል ለልጆች ምስር፥ ጎመንና ወተት ስጡ። የሚጠባውንም ልጅ ያለ ሐኪም ምክር ከጡት አትነጥሉ።

የመከለሻ ጥያቄዎች

1. እርሳስ የቀለጠበት ድስት በአመድ ቢፈተግ ለምግብ ይሆናልን? ስለምን?

2. ድስቱና እርሳሱ ደረቅ መሆን ያለባቸው ለምንድን ነው?

3. አባት ከማቅለጥ ሥራ ሲመለስ ልጁን ከማቀፉ በፊት ምን ያደርጋል?

ይህን ጽሑፍ ያነበበ ለማያነበው ያንብብለት። ዛሬውኑ ወደ ጓዳችሁ ግቡና ዕቃችሁን እዩ፤ አረር የቀለጠበት ድስት ካለ ከምግብ ዕቃ ለዩት።